ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር፦ የትኛው ዓመት ይሻላል?

ውድ የመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከቦንጋ ዙሪያ ማር እየሰበሰብን አዲስ አበባ እናስረክባለን። እስካሁን የምንሠራው መኪና እየተከራየን ነው። ችግሩ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ቀፎው ወዳለበት ቀበሌ መግባቱ ላይ ነው፤ ክረምት ሲሆን የመኪናው ባለቤት ጭቃውን አይቶ ከመንገድ የሚመለስበት ቀን እየበዛ፣ ማሩም በገበሬው ቤት እየቆየ ተቸግረናል። ስለዚህ ያገለገለ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር ለመግዛት ወስነናል። ደላላው ሦስት መኪና አቅርቦልናል፤ አንዱ የ1997፣ አንዱ የ2001፣ አንዱ ደግሞ የ2008 ሞዴል እንደሆነ ነግሮናል። ሦስቱም 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር አላቸው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን ሌላ ትንሽ መኪና የሚገዛ ነው። ከእነዚህ ዓመታት የትኛው ይሻላል? ምክንያቱንም ብትጨምሩልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄውን ካቀረብሁ ወዲህ 23 መልሶች ደርሰዋል። ክሩ ስለረዘመ፣ በኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንዲቀል የተባለውን በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። የመልሶቹን ቁጥር እንዳለ ትቼዋለሁ።

1ኛው መልስ ከነቀምቴ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ሰላምታውንና ለሥራችን ያለውን መልካም ምኞት አስቀድሞ፣ ያለ ማመንታት የ1997ቱን መርጧል። ምክንያቱም ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ (የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች) መሆኑ ነው። ባሌስትራ ቢሰበር የተሰበረውን ቅጠል ብቻ አውጥቶ የሚቀይር ሰው በየወረዳው ከተማ ይገኛል ይላል፤ እርሱ ራሱ በዚያ ዘመን መኪና 11 ዓመት ቡና ሲጭን ቆይቶ አንድ ቀን እንኳ ተጎትቶ እንዳልገባ ጽፏል።

2ኛው ይህን በአክብሮት አርሞታል። ቶዮታ በፈረንጆቹ 1999 የዚህን መኪና የፊት ባሌስትራ አንሥቶ ሞላ በሚባለው ጥምዝ ስፕሪንግ እንደተካ፣ የኋላውንም ባሌስትራ እንዳስረዘመ፣ 75 ይባል የነበረው ሃርድ ቶፕ 78 የተባለውም ከዚህ ለውጥ ጋር እንደሆነ ያስረዳል። ለጭነት ብቻ ከሆነ የቀደመው ይበቃል፤ ከቦንጋ አዲስ አበባ በወር አራት ጊዜ ለሚመላለስ ሾፌር ወገብ ግን ልዩነቱ ከፍተኛ ነው ባይ ነው። ከዚያም ማንም ያላሰበውን ነገር ጨምሯል። በዚያው ለውጥ የጎማው ቡሎን ከ6 ወደ 5 ወርዷል። ከሚዛን ሲመለስ ጎማው ፈንድቶበት፣ ስኮርታውም (መጠባበቂያ ጎማውም) ተንፍሶ አግኝቶት፣ ከኋላው የመጣ ላንድክሩዘር በደግነት የራሱን ስኮርታ አውርዶ ሰጠው። በክሪክ አንሥተው ቸርኬውን (ጎማው የሚለብስበትን ብረት) ሊገጥሙ ሲሉ የአንዱ ቀዳዳ 6፣ የሌላው ቡሎን 5 ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ሾፌሮች በሚመሳሰሉ መኪኖቻቸው መካከል ቆመው እስኪበቃቸው እንደሳቁ፣ እርሱ ግን ሳቁ ካለቀ በኋላ ሌሊቱን እዚያው እንዳደረ ጽፏል።

3ኛው መልስ አጭር ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። ጸሐፊው ደላላው የነገረን ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቃል። እርሱ የ2001 ነው የተባለ መኪና ገዝቶ ከወር በኋላ ሊብሬውን ሲመረምር፣ 2001 ማለት መኪናው ያገለገለ ሆኖ ወደ አገር ገብቶ ሰሌዳ የወሰደበት ዓመተ ምሕረት ኖሯል። መኪናው የተሠራው ግን በፈረንጆቹ 1996 ነው። ሻጩ ቃል በቃል አልዋሸም፤ የዓመቱን ቁጥር ተናግሮ አቆጣጠሩን ብቻ ዝም ብሏል።

4ኛው ሰው ለዚህ መድኃኒቱን ሰጥቷል። ኮፈኑ ሲከፈት በሞተሩ ክፍል ውስጥ የተመታች ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች፤ ሞዴል በሚለው መስመር ላይ ኤችዜድጄ75 ካለ የፊቱ ባሌስትራ፣ ኤችዜድጄ78 ካለ ሞላ ነው። በ1999 ሁለቱም ዓይነት ስለተሠሩ፣ የ1999 ሞዴል ነው መባሉ ብቻውን ምንም እንደማይነግር፣ የሻንሲ ቁጥሩም ሻንሲው ላይ ከተመታው ጋር መነጻጸር እንዳለበት አሳስቧል።

እስከዚህ ድረስ ክሩ የሽማግሌዎች ሸንጎ ይመስል ነበር። 5ኛው መላሽ ከሐዋሳ የጻፈ መካኒክ ሲሆን፣ ሰላምታ የማያበዛ ሰው መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። እኛ የምንጨቃጨቅበት ዓመት ሞተሩን እንደማይመለከት በግልጽ ተናግሯል። 1ኤችዜድ በፈረንጆቹ 1990 ሲወጣ የነበረው ሞተር በመሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው፤ ስለዚህ የ1997ቱን ሞተር ከ2008ቱ የሚለየው ያሽከረከረው ሰው እንጂ የተሠራበት ዓመት አይደለም። መታየት ያለበት ሁለት ነገር ነው ይላል። የመጀመሪያው የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ፣ ታይሚንግ ቺንጋው ነው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረና ሲሄድ ከተበጠሰ፣ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለጥገና ይወርዳል። መቀየሪያው መድረሱን የሚያሳውቅ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ቢኖርም፣ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ በዞረ መኪና ላይ መብራቱን ማመን ዘበት ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። በዚህ ሞተር ናፍጣው የሚረጨው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይሆን ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ የሞቀ እንደሆነ ስንጥቁ የሚጀምረው በዚያች ክፍል አካባቢ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባለበት የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማየት፣ ከዚያ አስነሥቶ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣ እንደሆነ መጠበቅ፣ በውሃው ላይም የዘይት ሽፋን መፈለግ ይገባል። ሞተሩን አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ ካጋጠመን ሌላ ቀን ቀጥረን እንድንመለስ መክሯል።

6ኛው ሰው፣ በአነጋገሩ ወጣት የሚመስል፣ የጊቤን በረሃ ከነጭነቱ መውጣት ያለ ቱርቦ መከራ እንደሆነ፣ አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ይህ ሞተር ጉልበቱን እዚሁ አጥቶ እንደሚነሣ አንሥቶ፣ ርካሹን የ1997 ገዝተን በተረፈው ገንዘብ ቱርቦ እንድናስገጥም ሐሳብ አቀረበ። የከፍታው ነገር ልክ ነው፤ አየር ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ማብዛቱን እንጦጦን የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። መካኒኩ ግን በ7ኛው መልስ ቱግ ብሎ መጣ። ስለ ስንጥቁ የጻፈውን ወጣቱ ጨርሶ እንዳላነበበ፣ ለቱርቦ ባልተሠራ ቴስታታ ላይ ቱርቦ ጭኖ ጊቤን መውጣት ማለት ስንጥቁን በገዛ ገንዘብ መግዛት እንደሆነ፣ በዚህ ዓመት ብቻ እንዲህ ያሉ 3 ሞተሮች ጋራዡ ውስጥ እንደከፈተ ጻፈ። ወጣቱ በዚያው ጠፋ፤ ነገሩ ትክክል ቢሆንም አነጋገሩ ትንሽ መለዘብ ይችል ነበር።

8ኛው መልስ ወደ ኋላ ይመልሰናል። ከ1990 በፊት የነበረው ባለ 4 ሊትሩ 2ኤች ሞተር ቺንጋ የሌለው፣ በጥርስ የሚዞር ስለሆነ ከሁሉም እርሱ ይሻላል የሚል ነው። 9ኛው ደግሞ ቺንጋ አለመኖሩ ከሆነ ቁም ነገሩ ባለ 4.2 ሊትሩ ኒሳን ፓትሮልም በጥርስ እንደሚዞር፣ የላንድክሩዘር ፍቅር የስም ፍቅር እንጂ የብረት እንዳልሆነ ጻፈ። 10ኛው ለሁለቱም ባንድ ላይ መለሰ፦ ለ2ኤች የሚሆን ዕቃ ፍለጋ የአዲስ አበባውን የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራን ሲዞር የሚውል ሰው ማሩን መቼ ሊያጓጉዝ ነው፤ ፓትሮል ከተባለም በ4.2 ሊትሩ ፈንታ ባለ 3 ሊትሩ ሞተር ስላለ፣ የዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ምርቶችም ፒስተን በማቃጠል ስማቸው የጠፋ ስለሆነ፣ ገዢው እዚያም ከዓመት ምርጫ አያመልጥም። ይህ ጎን ለጎን የሄደ ክርክር ይመስላል፤ ዓመት መምረጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ከዚህ ላይ ነው። በአንድ መኪና ዕድሜ ውስጥ በእውነት የሚለያዩ ዓመታት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት የደላላ ዓመታት ናቸው።

11ኛውን መልስ የጻፉት አስጎብኚዎችን ይዘው ለ26 ዓመታት ያሽከረከሩ ጡረተኛ አባት ናቸው። ከሁሉም የረዘመው እርሳቸው የጻፉት ነው። ዓመት ጠይቀን ሳንጨርስ መኪናው የት እንደሠራ አለመጠየቃችን እንደገረማቸው ገልጸው፣ ዳሎልና አሳሌ ጨው ላይ ሲመላለስ የኖረ መኪና ቀለሙ እንደ አዲስ እያበራ ሻንሲው በውስጥ ተበልቶ እንደሚገኝ ያስረዳሉ። እርሳቸው ከዚያ በተመለሱ ቁጥር መኪናውን ከሥር በውሃ ሳያሳጥቡ አይተኙም ነበር፤ ሁሉም ሾፌር ግን እንዲህ አያደርግም። ገዢው ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ የኋላ ባሌስትራ የሚንጠለጠልበትን የሻንሲ ክፍል በትንሽ መዶሻ እንዲመታ ይመክራሉ፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የተበላው ዱብ ይላል፣ ቅርፊትም ያራግፋል። ቀጥሎ ከፊት ጎማዎቹ በስተውስጥ ያለውን ክብ ብረት በጣት እንድንጠርግ ነግረውናል። ጣታችን ላይ ወፍራም ግሪስ ከወጣ ደኅና ነው፤ እንደ ቀጠነ ሽሮ የሚፈስ ጥቁር ነገር ከወጣ ግን የዲፈረንሻሉ ዘይት ጎሚኒውን (ዘይት የሚያግደውን ላስቲክ) አልፎ ከግሪሱ ጋር ተደባልቋል ማለት ነው። ያ የሚጠገን ነገር ነው፤ መኪናውን ለመተው ሳይሆን ዋጋ ለማስቀነስ ይሆናል ይላሉ።

12ኛው ሰው እኚህን አባት አንተ ብሎ ጀመረ። የሾፌር ተረት በዚህ ዘመን እንደማይሠራ፣ መኪና በኮምፒዩተር እንጂ በመዶሻ እንደማይመረመር ጻፈ። 13ኛውና 14ኛው በአንድ ድምፅ ተነሡበት፤ አንዱ በአባት ዕድሜ ያለን ሰው አንተ ማለት የየትኛው አገር ወግ እንደሆነ ጠየቀው፣ ሌላው ነገሩን ወደ ብረቱ መልሶ፣ የናፍጣ ፖምፓው እንኳ በሜካኒክ የሚሠራ መኪና ላይ ኮምፒዩተሩን የት ሊሰካው እንዳሰበ ጠየቀው። አባት ራሳቸው መልስ አልሰጡትም።

15ኛዋ ጸሐፊ በአንድ የረድኤት ድርጅት የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ ሆነው የሠሩ ናቸው። እንደ እርሳቸው አባባል፣ ከድርጅት የሚሸጥ መኪና ኪሎ ሜትሩ ቢበዛም ብዙውን ጊዜ የጥገና መዝገብ አብሮት ስላለ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ቺንጋው በስንት ኪሎ ሜትር እንደወረደ በጽሑፍ ይገኛል፤ መዝገቡ ያለው የ1997 መኪና መዝገብ ከሌለው የ2008 ይበልጣል። ነገር ግን ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ መብት የሌለው ሰው ሲገዛው ቀረጡ መከፈል ስላለበት፣ ሊብሬውን አይቶ ያንን ሳያጣሩ ቀብድ መስጠት አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ባላቸው ዕውቀት ልክ ብዙ ባለመጻፋቸው ቅር ብሎኛል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ፈር ለቀቀ። ከዱባይ የጻፈ ወገናችን፣ በ16ኛው መልስ፣ እዚያ ያለው በቤንዚን የሚሠራው ላንድክሩዘር 200 ንጹሕና ርካሽ ስለሆነ አንዱን ገዝቶ ሊልክልን ፈቃደኛ እንደሆነ ገለጸ። 17ኛው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ መጣሉን፣ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወሰው፤ እኛም በሦስት ያረጁ መኪኖች መካከል የምንዋልለው፣ ዋጋቸውም ከዓመት ዓመት የሚወጣው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ጨመረ። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መኪና ቦንጋ ይደርሳል አይደርስም የሚል ሙግት ሊነሣ ሲል፣ በ18ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ጥያቄው ስለ ሃርድ ቶፕ እንደሆነ አሳሰበ።

19ኛው መላሽ የእውነተኛው የ2008 ሃርድ ቶፕ ባለቤት ነው። በፈረንጆቹ 2007 የመኪናው ፊት ሰፍቶ፣ ኮፈኑና ግሪሉ አዲስ መልክ እንደያዘ፣ ወደ ሌሎች አገሮች 8 ሲሊንደር ሞተር የገባው በዚያን ጊዜ ቢሆንም በእርሱ መኪና ኮፈን ሥር ያለው ያው የጥንቱ 1ኤችዜድ እንደሆነ ጽፏል። ስለዚህ ለ2008 የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ አብዛኛው የፊት ዋጋ ነው። ሲሸጥ የሚመለስ ዋጋ ስለሆነ ግን ገንዘብ ላለው ሰው እንደማይከፋ አልደበቀም። ታማኝነቱን ወድጄለታለሁ፤ የራሱን መኪና እንዲህ የሚመዝን ባለቤት ብዙ አይገኝም።

20ኛው መልስ የእኔ ነው። በቅዳሜው ከወንድሜ ጋር ሦስቱንም አይተናል። የ1997ቱ ኮፈን ሥር ባለችው የብረት ሰሌዳ ላይ ኤችዜድጄ75 የሚለው በግልጽ ይነበባል፤ ዓመቱም እውነት ነው። ወንድሜ ከሥር ተኝቶ ሲመታው ግን በግራ በኩል የኋላ ባሌስትራ ማንጠልጠያው አጠገብ ድምፁ ተለወጠ፤ ሲደግመው እንደ ቅጠል የሳሳ ዝገት ፊቱ ላይ ረገፈ። ሻጩ መኪናው ሠመራ እንደነበረ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። የ2008 ወደተባለው ስንሄድ ከበሩ ሳንገባ ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ፤ የመኪናው ፊት ጠባብ ነው። ሊብሬው ሲወጣ ሰሌዳ የወሰደው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ደላላው በራሱ ሒሳብ 8 ጨምሮበት 2008 አድርጎታል። ስንነግረው አልደነገጠም፤ እንዲያውም ሰሌዳው እስከወጣ ድረስ መኪና የሚወለደው ያኔ ነው ሲል ተከራከረን።

የቀረው የ2001ዱ ነበር። የብረት ሰሌዳው ኤችዜድጄ78 ይላል፤ ዓመቱ በሊብሬውም በፈረንጆቹ ነው። ሻንሲው ጥርት ብሎ ጮኸ፤ በስተቀኝ የፊት ጎማ ግን ጣቴ ላይ የወጣው ያ የቀጠነ ሽሮ ነው። ኪሎ ሜትሩ 187,000 ይላል፤ የፍሪሲዮን መርገጫው ላስቲክ አልቆ ብረቱ ማብረቅረቁን ያየ ሰው ግን ይህን አያምንም። ሻጩ ቺንጋው ባለፈው ዓመት ተቀይሯል አለ። ይዘነው የሄድነው መካኒክ የላይኛውን መሸፈኛ ቡሎኖች ተመለከተ፤ በየቡሎኑ ራስ ዙሪያ ዘይትና አቧራ ተጋግሮ እንደ ሸክላ ደርቋል፤ ቁልፍ ከነካቸው ዓመታት አልፈዋል። ሻጩን አስፈቅዶ ሲከፍተው ቺንጋው ጀርባ ላይ በአግድም የተሰነጣጠቀ መስመር ይታያል። መሸፈኛውን መልሶ ገጠመውና ምንም ሳይናገር እጁን ጠረገ። እኛም የቺንጋውን፣ የውሃ ፖምፓውንና የፊት ጎሚኒውን ዋጋ አስቀንሰን ተስማማን።

21ኛው የሐዋሳው መካኒክ ነው፤ ቺንጋው ሳይቀየር መኪናውን ከከተማ እንዳላወጣው አስጠነቀቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜ ብሎ ጠራኝ። በ22ኛው የነቀምቴው ሰው እንኳን ደስ ያላችሁ ካለ በኋላ፣ የፊቱ ሞላ ሲሰበር ቦንጋ ላይ ማን እንደሚቀይረው እናያለን ሲል ጎሸም አደረገኝ፤ መልስ የለኝም።

በ23ኛው እኚያ አባት አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፤ ስኮርታውን አይተኸዋል ወይ የሚል ነው። ከተመለስን ወዲህ መኪናው ግቢያችን ቆሟል፤ ስኮርታው ከላይ ፖርቶ መጋላው ላይ በሸራ ተጠቅልሎ ታስሯል፤ ስንገዛ ጎማው አዲስ መሆኑን በሸራው ቀዳዳ አይተን ደስ ብሎን ነበር። መልሳቸውን ካነበብሁ በኋላ ባትሪ ይዤ ወጣሁና ሸራውን ፈታሁ። ጎማው በእርግጥ አዲስ ነው። የቸርኬውን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ፤ 6 ነው።